ማሽላው ሳይጠበቅ የዋለበት ቀን

ባለፈው ሰሞን የልጄ ልጅ ሕይወት ከሥራዋ ስትመለስ «እማማ፣ ነጠላሽን አውጪ፤ ዛሬ ማታ ዘፈን ላሳይሽ ነው» አለችኝ። «ኧረ ተይኝ ልጄ! ጉልበቴ ደረጃ አልወጣ ብሎ እኔን ዘፈን ትይኛለሽ?» አልኳት። የባንዱን ስም ስትጠራልኝ ግን የማጥበው ብርጭቆ ከእጄ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። ስማቸውን እዚህ አልጽፈውም። ግማሾቹ አፈር ሆነዋል፣ የቀሩትም አርጅተዋል፤ እኔ ምን ቤት ነኝና ዕድሜያቸውን ለሰው እቆጥርባቸዋለሁ? ብቻ በልጅነቴ የምሞትላቸው ነበሩ። ባጃጅ ይዘን ከአስፋልቱ ማዶ ካለው ሜዳ ሄድን። ዘፋኙ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የሚዘፍነው። ከድሮዎቹ እሱና አንድ ጥሩምባ ነፊ ብቻ ቀርተዋል፣ ሌሎቹ ጢማቸው በቅጡ ያልበቀለ ልጆች ናቸው። ድምፁ ሄዷል፣ ምን እዋሻለሁ። ቢሆንም አንጀቴን በላኝ። ሕይወት ስልኳን ወደ ላይ ዘርግታ ትቀርጻለች፣ እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ አያለሁ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ መብራት እንደ ልማዱ ድርግም አለ። ወዲያው ከሜዳው ጥግ ጀነሬተር ተነሳ፣ የናፍጣው ሽታ ከሞቃቱ ነፋስ ጋር መጥቶ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። አለቀልኝ፤ ከዚያ በኋላ የተዘፈነውን አልሰማሁም።

ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ነበሩ። ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ ዓመት የምቆጥረው በልጅና በድርቅ ነው። ሮቢት ያን ጊዜ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደረ ቆርቆሮ ቤት ነበረች፤ ወደ ደሴ የሚያልፍ መኪና ውሃ የሚጨምርባት፣ ሾፌር ምሳውን የሚበላባት። ሙቀቱ ያው ነው፤ መንግሥት ሲለወጥም እሱ አልተለወጠም። ለስላሳ በስሙኒ ይጠጣ ነበር፤ እኔ ጠጥቼ ሳይሆን ሰው ሲጠጣ ቆሜ አይቼ ነው። ኮንጎ ጫማ ያላት ሴት ለገበያ ትይዘዋለች፣ ከተማው ጫፍ ስትደርስ እግሯን አራግፋ ታጠልቀዋለች፣ ስትመለስ አውልቃ በእጇ ትይዘዋለች። የከተማው ጎረምሶች ጎፈሬያቸውን አበጥረው፣ መንገድ የሚጠርግ ሰፊ ሱሪ ለብሰው ሆቴሉ በር ላይ ይቆማሉ፤ ሥራቸው ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ከሁሉ የምወደው የጋሽ እንድሪስን ሱቅ ነበር። ጋሽ እንድሪስ ከአሊዩ አምባ የመጡ ነጋዴ ናቸው፤ ጨው፣ ላምባ፣ አቡጀዲ፣ ሻሽ ይሸጣሉ። ከጀርባቸው ካለው መደርደሪያ ላይ ዳንቴል የለበሰ ራዲዮ አለ። ባንዱ ሲመጣ ድምፁን ከፍ አድርገው «ነይ አስካለ፣ ያንቺዎቹ መጡ!» ይሉኛል። እኔ ጠርሙሴን ይዤ ድርቅ ብዬ እቆማለሁ። «ወላሂ ይቺ ልጅ ላምባ የምትገዛው ለኩራዝ አይደለም» ብለው ሰው ያስቁብኛል። እውነታቸውን ነው፤ ቤት ያለውን ላምባ ለጎረቤት እያበደርኩ ልግዛ ብዬ የወጣሁበት ቀን ነበር።

ቤቴ ከከተማው ግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ፣ ከቀወት ቆላ መንደሮች አንዱ ውስጥ ነበር። ባሌ ታደሰ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ሦስተኛዋ የቤቱ ሰው እናቱ እትዬ ዘነበች ነበሩ። ወይ እትዬ ዘነበች! ባላቸው የሞቱባቸው ታደሰ ገና ጡት ሳይጥል ነው። ከዚያ ወዲያ ጥቁራቸውን ሳያወልቁ፣ ሌላ ባል ሳይሹ፣ ሲያርሱና ሲያሳርሱ ኖሩ። ስቀው አላየሁም። ጥርሳቸውን የማውቀው ቆሎ ሲበሉ ነው። እኔ ምንም ብሠራ አይጥማቸውም፤ ወጡ ቀጠነ፣ በሩን ቶሎ አልከፈትሽም፣ እንስራው በዚህ በኩል ለምን ዞረ። ሁለት ዓመት ሙሉ ልጅ አለመውለዴ ደግሞ ሲጨመርበት፣ ጎረቤት ፊት «ምራቴ ጤና ናት፤ ስትበላ አይቼ አውቃለሁ» ይሉ ነበር። አፋቸው እንደዚያ ነው።

የዚያን ዓመት ታደሰ ጥጥ ለቀማ አዋሽ ወረደ። ማሽላው ዘለላ ይዞ ወተት መቋጠር ጀምሯል። ግሪሳ የምትባለውን ወፍ የቆላ ሰው ካልሆናችሁ አታውቋትም። አንዷ አውራ ጣት አታክልም፤ ስትመጣ ግን ሰማይ ነው ይዛ የምትመጣው፤ ጠዋት አንዴ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትበርድ አንዴ። እርሻው መሀል ከእንጨት የተሠራ ከፍ ያለ ማማ ይቆማል፣ እሱ ላይ ወጥቶ በጅራፍ፣ በወንጭፍና በጩኸት ማባረር ነው። ባለፈው ዓመት እኔ ማማው ላይ እንቅልፍ ይዞኝ አንዱን ጥግ አስበልቻለሁ። ስለዚህ ታደሰ ሊሄድ ሲል ጓዙን ትከሻው ላይ እንዳደረገ፣ በእናቱ ፊት «አስካለ፣ ዘንድሮም ማሽላው ተበልቶ ካገኘሁት ወደ አባትሽ ቤት ነው። አልጣላሽም፣ አልመታሽም፤ ብቻ ትሄጃለሽ» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። መሬቱ የሰው መሬት ነው፤ ባለመሬቱ ድርሻውን ካነሳ በኋላ የምንኖረው በተረፈው ነው፤ ፈርቶ ነው የተናገረው። እትዬ ዘነበች «እሰይ ልጄ! እንዲህ ነው ወንድ!» አሉ። አባቴ ቤት የምለው ደግሞ አጣዬ ያለ የእንጀራ እናቴ ቤት ነው። እዚያ ከምመለስ ሮቢ ወንዝ ቢወስደኝ እመርጥ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ድምፅ ማጉያ የተሰቀለበት መኪና በመንገዱ ሲያልፍ ሰማን። ባንዱ ወደ ደሴ ሲያልፍ ነገ ሮቢት ያድራል፣ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ከሆቴሉ ጎን ባለው ሜዳ ላይ ይጫወታል፤ ወንበር ስሙኒ ነው፣ ከገመዱ ውጭ መቆም ነፃ። እኔ ማማው ላይ ነበርኩ፤ ጅራፉ ከእጄ ወደቀ። እትዬ ዘነበች ከታች አረም እየነቀሉ ነበር። ቀና ብለው መኪናው እስኪሰወር ድረስ አዩና ምራቃቸውን ጢቅ አደረጉ። «የሰይጣን ጩኸት! ደግሞ ይሄን ብሎ የሚሄድ አይጠፋም» አሉ። በማግስቱ ረፋዱ ላይ ጥቁር ነጠላቸውን ለብሰው፣ ኮንጎ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ብቅ አሉ። «ላይኛው መንደር ለቅሶ ልደርስ ነው፤ ማታ ነው የምመለሰው። ዓይንሽን ከወፍ እንዳትነቅዪ፤ ሰምተሻል?» «ሰምቻለሁ እትዬ። እግዜር ያጽናቸው በሉልኝ» አልኳቸው። እግዜር ያሳያችሁ፣ ማን እንደሞተ እንኳ አልጠየቅኩም። የሰማሁት «ማታ ነው የምመለሰው» የሚለውን ብቻ ነው።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከራሴ ጋር ስሟገት ዋልኩ። አንድ ዘፈን ሰምቼ እመለሳለሁ፣ ወፎቹ ፀሐይ ሳትበርድ አይመጡም፣ ሮጬ ሄጄ ሮጬ ብመለስ ምን አለበት። የታደሰን አሮጌ ኮት አወጣሁ፣ እንጨት ላይ አለበስኩት፣ በላዩ ቅል ደፋሁበት፣ ማማው ላይ አቆምኩት። ከሩቅ ላየው ሰው ተቀምጧል ያሰኛል። ነፋስ ሲመታው እንዲንኳኳ ቆርቆሮም አንጠለጠልኩበት። ከዚያ እግሬ አውጪኝ! መንገዱን በምን እንደጨረስኩት አላውቅም፤ ሜዳው ጋ ስደርስ መጀመሪያ የተቀበለኝ የጀነሬተሩ ናፍጣ ሽታ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲህ ያለ ሽታ አልሸተትኩም ነበር፤ የሩቅ አገር ሽታ መሰለኝ። ሰዉ ጉድ ነው! ገበያተኛው አህያውን ይዞ ቆሟል፣ የሆቴሉ ሴቶች በረንዳ ላይ ወጥተዋል፣ ጋሽ እንድሪስ ከፊት ወንበር ላይ ቆባቸውን አስተካክለው ተቀምጠዋል። እኔ ከገመዱ ውጭ ሰው ትከሻ ስር ገባሁ።

ባንዶቹ ሁሉም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ኮት ለብሰው፣ በዚያ ሙቀት አንገታቸውን በክራባት አስረው ወጡ። አቤት ማማር! ላባቸው ከፊታቸው ላይ ይወርዳል፣ የጥሩምባው ናስ በፀሐይ ዓይን ይወጋል። በራዲዮ ድምፁን ብቻ የምሰማው ሰውዬ እግርና እጅ ያለው ሰው ሆኖ ሳየው እንባዬ መጣ። ታዲያ የእኛ ሰው ባንድ አያውቅ፤ የሚያውቀው ሠርግ ቤት የሚመጣ አዝማሪ ነው። ለአዝማሪ ግጥም ይሰጡታል፣ ተቀብሎ በመሰንቆው ያንቆረቁረዋል። ገና ሁለተኛው ዘፈን መሀል ላይ አንድ ሽማግሌ «ተቀበል!» ብለው ተነሱ። ዘፋኙ ምን ይሁን? ግራ ገብቶት ወደ ጓደኞቹ ዞረ። ሽማግሌው ግጥማቸውን ሰጡ፤ እሱ የራሱን መዝፈን ቀጠለ። «ኧረ ምን ዓይነት አዝማሪ ነው፣ ጆሮ የለውም እንዴ?» ብለው ተቆጡ። ሰዉ አጉረመረመ። የሆቴሉ ባለቤት ላቡን እየጠረገ ወዲያ ወዲህ አለ። ደግነቱ ከበሮ መቺው የገጠር ልጅ ነበር መሰለኝ፣ ወደ ዘፋኙ ጆሮ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ነገረው። ዘፋኙ ሳቀ፣ እጁን ዘርጋ አድርጎ «እሺ፣ ስጡኝ!» አለ። ሜዳው በእልልታ ተነቃነቀ።

ያኔ ነው ከኋላዬ፣ ከአንድ ቁርቁራ ዛፍ ስር፣ የሴት ድምፅ «ተቀበለኝ!» ያለው። ያንን ድምፅ በየቀኑ እሰማዋለሁ፤ ወፍ ሲያባርር፣ እኔን ሲጠራ፣ እኔን ሲሰድብ። ቀስ ብዬ ዞርኩ። እትዬ ዘነበች ናቸው። ጥቁር ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው፣ ኮንጎ ጫማቸውን ተጫምተው፣ አገጫቸውን ወደ ላይ ሰቅለው፦

«ወፍ ስጠብቅ ከርሜ ከማሽላ ማሳዬ፣
ሳልስቅ ሳልጫወት አለቀ ዕድሜዬ።»

ዘፋኙ ተቀበላቸው። አንድም ቃል ሳያጎድል፣ በዚያ በወፍራም ድምፁ ተቀበላቸው፤ ጥሩምባው ከኋላ ተከተለው። እትዬ ዘነበች ትከሻቸውን ሰበቁ። ወይ ትከሻ! ሰው ክብ ሠራላቸው። አንገታቸው ሲንቀሳቀስ ያ ሁሉ ዓመት ከላያቸው ሲራገፍ አየሁት፤ ከስሩ የወጣችው እኔን የምታክል ልጅ ናት። ይስቁ ነበር። ቆሎ ሳይበሉ ጥርሳቸው ታየ። ለቅሶው የት ሄደ፣ ላይኛው መንደርስ ማን ሞተ፣ ይሄ ሁሉ በሐሳቤ አልመጣም፤ አፌን ከፍቼ ሳያቸው ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ትከሻቸው ባለበት ቀጥ አለ። እኔ እሳቸውን አያለሁ፣ እሳቸው እኔን ያያሉ፤ የደነገጥነው በመተያየታችን ነበር። ቀጥሎ ሁለታችንም አንድ ነገር አሰብን። በከንፈራቸው አነበብኩት፦ «ማሽላው!»

ሮጥን። ጫማቸውን አወለቁ፣ በእጃቸው ያዙ፣ ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ፣ በረሩ። እኔ ደግሞ ከኋላ። ምራት አማቷን ቀድማ አትሄድም፤ ነውር ነው፤ ደሜ ውስጥ የገባ ነገር ስለሆነ እግሬ እየቻለ ከኋላቸው እጎተታለሁ። መሀል መንገድ ላይ ዞረው «ምን ትጎተቻለሽ አንቺ! ቅደሚ እንጂ! የክብር ሰዓት ነው አሁን?» ብለው ጮኹብኝ። ቀደምኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀድሜያቸው ደረስኩ፤ ግን ምን ያደርጋል። የእርሻው ሰማይ ጠቁሯል። ግሪሳ እንደ ጉድ ሰፍራ አገዳው በክብደቷ ጎንበስ ብሏል፤ የታደሰ ኮት ትከሻ ላይ ሳይቀር አራት አምስት ሆነው ተቀምጠዋል፣ ቆርቆሮው አጠገባቸው ሲንኳኳ ዞር ብለው እንኳ አያዩትም። ጅራፍ አነሳሁ፣ እትዬ አፈር አነሱ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ጮኽን። ስንጨርስ ከሦስት እጁ ሁለቱ ባዶ ገለባ ነው። እትዬ ዘነበች አንድ ዘለላ በእጃቸው አሸት አድርገው አዩና ጣሉት። ቤት ገባን፣ እራት አቀረብኩ፣ በላን፤ ስለ ወጡ እንኳ ሳይናገሩ ተኙ።

የእሳቸው ስድብ ቀርቶ ዝምታቸው ነው የገደለኝ። ኅዳር ወጥቶ ታኅሣሥ እስኪገባ ድረስ አንድም ቀን ያንን ቀን አላነሱትም። እኔ ሌሊት ሌሊት አስባለሁ። ልጃቸው ሲመጣ ይነግሩታል፤ ለራሳቸው ሲሉ ይነግሩታል፤ እሳቸው ለቅሶ ላይ ነበሩ፣ እኔ ማማው ላይ። አለቀ። እኔም ልናገር እችላለሁ፤ «እናትህም እዚያ ነበሩ፣ ሲጨፍሩ አይቻቸዋለሁ» ልለው እችላለሁ። ማን ያምነኛል? ሰው ሁሉ አይቷቸዋል ብላችሁ እንዳታስቡ፤ ሜዳው ላይ የነበረው የከተማ ሰውና የሩቅ ገበያተኛ ነው፣ የኛ መንደር ሰው እንደ እኔ ያላበደው እርሻው ላይ ነበር። ጋሽ እንድሪስ ከፊት ነበሩ፣ ወደ ኋላ አልዞሩም። ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ አሁን አርጅቼ ምን አፍራለሁ፤ ከጨከኑብኝ እኔም እጨክናለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። ሁለቱን ቀሚሴንና ሻሼን በአቡጀዲ ቋጥሬ ከአልጋው ስር አስቀመጥኩ።

ታደሰ እህሉ ተወቅቶ አውድማው ላይ እንዳለ መጣ። ፊቱ በበረሃ ፀሐይ ከስሎ፣ ለእናቱ ነጠላ፣ ለእኔ ኮንጎ ጫማ ይዞ። ጫማውን ገና አልሰጠኝም። አውድማው ላይ ያለችውን ክምር ዞራት፤ ለመዞር ብዙ እርምጃ አልፈጀበትም። ከዚያ ቤት ገብቶ ቆመ። ድምፁን አልጨመረም። «ማማው ላይ ማን ነበር?» አለ። እኔ ከምሰሶው አጠገብ ነኝ፤ እትዬ ዘነበች መደቡ ላይ ጥጥ ያባዝታሉ። አፌን ከፈትኩ። ምን ልናገር እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ጥፋቴን ልናዘዝ ይሁን እሳቸውን ላሳጣ፣ እግዜር ነው የሚያውቀው። ድምፄ ሳይወጣ እትዬ ዘነበች ቀደሙኝ።

«እኔ ነበርኩ» አሉ፤ ከጥጡ ቀና አላሉም። «እሷን ላምባ ግዢ ብዬ ከተማ ልኬያት ነበር። እኔ ማማው ላይ ወጣሁ፣ እንቅልፍ ጣለኝ። አርጅቻለሁ።»

ታደሰ እናቱን አያቸው። እኚህ ሴት በሃያ ሁለት ዓመት ዕድሜው ውስጥ አንድ ቀን እንኳ «አጠፋሁ» ብለው አያውቁም፤ ደክሞኛልም አርጅቻለሁም ብለው አያውቁም። «እንግዲህ እማዬ፣ አንቺ ከደከመሽ ምን ይደረጋል። ከአዋሽ ባመጣሁት እንሸፍነዋለን» አለና ጫማዬን እጄ ላይ አስቀምጦ አህያዋን ውሃ ሊያጠጣ ወጣ።

እግሩ ከግቢው እንደራቀ እሳቸው ጉልበት ስር ወደቅኩ። አለቀስኩ፣ ጉልበታቸውን ሳምኩ፤ «እትዬ፣ እድሜ ይስጥልኝ፣ እድሜ ይስጥልኝ» እያልኩ ሌላ ቃል ጠፋኝ። በእጃቸው ጀርባ ገፋ አደረጉኝ።

«ተነሺ ወዲያ። ለአንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ» አሉኝ። ጥጡን ተዉት። በሩን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፦ «አንቺ ከሄድሽ፣ እኔ ያን ቀን መሳቄን ማን ያውቅልኛል?»